እውነት ተናጋሪዎቹ ሁለት ሣጥኖች

በኦላያ ሰፈር የሚወራው እንዲህ ነው፦ ሮሴምበር ኹሊዮ የሚስቱን ፍሪጅ ሸጦ ሁለት ትናንሽ ጥቁር ሣጥኖች ገዛ፤ አበልጁ ቤሊሳሪዮ ድግምት ያለበት ቀለም ቀባለት፤ ሣጥኖቹም የሰውየውን ጆሮ እንደ ቀዝቃዛ ቢራ ጨልጠው ጠጡት። አሁን ጆሮው ድንጋይ ሆኗል። አጠገቡ መድፍ ቢተኮስ ዝንብ አለፈች ይላል።

ወሬውን ያወጡት ከድልድዩ ሥር ዓሣ የሚጠብሱት ዶና ታርሲላ ናቸው የሚሉ አሉ። እሳቸው ግን እጃቸው እንደሌለበት በሁሉም ቅዱሳን ስም ይምላሉ። "እኔ የሰማሁት ዓሣ ሊገዛ ከመጣ ሰው ነው፤ ያውም ሳይገዛ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው አይታመንም" ብለው ያስጠነቅቁና፣ ያንኑ ወሬ ከዓሣው ጋር ጠቅልለው ለሚቀጥለው ደንበኛ ያስይዙታል።

ረጋ ብሎ ለሚያስብ ሰው የወሬው ቀዳዳ ከዓሣ መረብ ይበዛል። ፍሪጁ ከተሸጠ፣ ሚስቱ ናዪቤ በላስቲክ ቋጥራ የምትሸጠው ቦሊ፣ ያ የረጋ የታማሪንድ ጭማቂ፣ አሁንም ጥርስ እስኪያደነዝዝ የሚቀዘቅዘው በምንድነው? በጸሎት ነው? የደነቆረ ሰውስ ሦስት መንገድ ተሻግሮ "ከዚህ ቤት ዘይት የጠማው ማራገቢያ ሲያለቅስ ሰማሁ" እያለ በር የሚያንኳኳው እንዴት ነው? ወሬ መቼም መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

ሮሴምበር ሥራው ማራገቢያ መጠገን ነው። በወደብ ከተማዋ በካርታኼና ሙቀት ማራገቢያ የሚጠግን ሰው ከቄሱ በላይ ይከበራል፤ ቄሱ ከእሳት የሚያድኑን ከሞትን በኋላ ነው፣ ሮሴምበር ግን ዛሬውኑ ከምሳ በፊት ያድናል። እናቱ እንደሚያወሩት፣ በተወለደበት ሰዓት አላለቀሰም፤ በጎረቤት የሚጮኸው ሙዚቃ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠብቆ ነው ያለቀሰው። ከዚያን ቀን ወዲህ ትዕግሥት የሚባል ነገር ታይቶበት አያውቅም። ቆሞ ይበላል፤ እየተራመደ ጥርሱን ይቦርሻል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አግዳሚውን በጣቶቹ እየደበደበ ከፊቱ የተቀመጡትን አሮጊቶች ትከሻ ያስመታቸዋል። አልጋውን በዓመት አራት ጊዜ ቦታ ይለውጠዋል፤ ናዪቤ ከእንቅልፏ ስትነቃ መጀመሪያ የምትፈልገው ባሏን ሳይሆን በሩን ነው።

ልቡ ያለው ግን ኮምፒውተሩ ፊት፣ መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ ነው። እዚያ ቻምፔታ የሚባለውን የሰፈሩን የጭፈራ ሙዚቃ ያቀናብራል። የሚያቀናብረውም ለክንፋሙ አህያ ነው። ክንፋሙ አህያ የዶን ኤቫሪስቶ ፒኮ ነው፤ ሁለት ፎቅ የሚያህል የድምፅ ማጉያ ክምር፣ ፊቱ ላይ በሰማይ የሚበር አህያ የተሣለበት፣ እሑድ ከሰዓት ሲከፈት የሰፈሩን ዶሮዎች እንቁላል የሚያስጥል። የሮሴምበር አባት የዚህን ፒኮ ሣጥኖች ሠላሳ ዓመት በትከሻቸው ተሸክመዋል። በመጨረሻ ዘመናቸው ሙዚቃ የሚሰሙት መዳፋቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ነበር። ሮሴምበር ስለዚህ ነገር አያወራም፤ አንዳንዴ ብቻ፣ ማንም ሳያየው፣ ጣቶቹን ጆሮው አጠገብ አፋትጎ መስማቱን ይሞክራል።

ለአሥራ ስድስት ዓመት ዘፈኖቹን የሰማው ከአጎቱ በወረሰው ቴፕ ነበር። ቴፑ ውሸታም ነው፤ ቤዙን ያጋንናል፣ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል። ሮሴምበር ግን ውሸቱን እንደ አማቱ ወሬ ልኩን ያውቀዋል፤ ግማሹን ቀንሶ ይሰማዋል። ታዲያ በግንቦት መጀመሪያ የባሕሩ ጨው ቴፑን ከውስጥ በልቶ ጨረሰው። በዚያው ሳምንት ዶን ኤቫሪስቶ አንድ የተቀዳ ድምፅ ይዘው መጡ።

"ልጄ፣ ይኼ ዘፋኝ ጉሮሮው ወርቅ ነው" አሉት። "በወሩ መጨረሻ እሑድ አህያው ላይ ይውጣ። ካሳመርከው የዓመቱ ዘፈን በሙሉ ያንተ ነው። ካበላሸኸው ግን ማራገቢያህን ጠግን።"

ስለዚህ ስፒከር መግዛት ግድ ሆነ፤ ያውም የስቱዲዮ።

መሀል ከተማ ካለው ሱቅ ሄደ። ኦላያ ውስጥ ድምፅ ማጉያ የሚመረጥበት ደንብ አለ፦ የሸሚዝ ቁልፍ ተፈትቶ በደረት ፊት ለፊት ይቆማል። ደረት ካልመታ ድምፅ አይደለም። ሮሴምበርም ቁልፉን ፈትቶ ቆመ። የመጀመሪያዎቹ ጥንድ እንደ በቅሎ ረገጡት፤ ደስ አለው። ሁለተኛዎቹ ድምፁን አብለጨለጩት፣ ዘፈኑ ሁሉ የሠርግ ልብስ የለበሰ መሰለ። ሦስተኛዎቹ ጥቁርና ደረቅ፣ ጌጥ የሌላቸው፣ ምንም አላደረጉትም።

"እነዚህ ታመዋል እንዴ?" ሲል ሻጩን ጠየቀው።

"ጤነኞች ናቸው። ያስገባህባቸውን ብቻ ነው የሚያወጡት፤ አይጨምሩልህም፣ አይቀንሱልህም። መጀመሪያ ትንሽ ደብዘዝ ይሉብሃል። እውነት እንደዚያ ነው፤ ትለምደዋለህ።"

ሮሴምበር የራሱን አሮጌ ዘፈን አስከፈተባቸው። በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ሠርግ ያስጨፈረው ዘፈን ራቁቱን ወጣ። ከበሮው ገንዳ ውስጥ የወደቀ ሳህን ነው። ዘፋኙ በየስንኙ መሀል ሊሰጥም እንደደረሰ ሰው አየር ይስባል። የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆልፎ፣ እንደተሰደበ ሰው፣ ደህና ዋል ሳይል ወጣ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ደርሶ ተመለሰ። ሰምቶ ወጣ። ባሱርቶ ገበያ ድረስ ሄዶ ከገበያው መሀል ተመለሰ። በዚያ ሳምንት ከሱቁ ስለማይጠፋ ዘበኛው "መቼ ተቀጠርክ?" ብሎ ጠየቀው፤ አንዲት ሴትዮም የጊታር ክር ዋጋ ጠየቀችው፣ እሱም ነገራት።

"የትኛውን ልግዛ?" አለ ቤቱ ገብቶ፣ ከአልጋው እስከ በሩ ከበሩ እስከ አልጋው እየተመላለሰ።

ናዪቤ ቦሊ እየቋጠረች ነበር። "ደረት የሚመታውን ከፈለግህ እኔ እመታሃለሁ፤ በነጻ።"

"እውነት የሚናገርም አለ። ግን ይሳደባል።"

"እንዴት አድርጎ?"

"የራሴን ዘፈን መልሶ ያሰማኛል።"

"እሱን ግዛ" አለች። "አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ ቤት ውስጥ ብቻዬን እውነት ስናገር ደክሞኛል። ያግዘኝ።"

ገዛ። ሣጥኖቹ ቤት ገብተው ሲከፈቱ መጀመሪያ ያጋለጡት ፍሪጁን ነው። ፍሪጁ የሚቆመው መኝታ ቤቱ ውስጥ ነበር፤ የማያታልል ሶኬት ያለው እዚያ ስለሆነ። እስከ ዛሬ ማንም ያልሰማው ማጉረምረሙ አሁን እንደ ቅዳሴ ጎልቶ ወጣ። ጓሮ መውጣት አለበት ተባለ። ችግሩ ፍሪጁ ቤቱ የገባው የጓዳው ግድግዳ ከመሠራቱ በፊት መሆኑ ነው፤ በውስጥ በር አያልፍም። ስለዚህ በዋናው በር ወጥቶ፣ ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ ሰፈሩን ዞሮ በኋላ በር ገባ። ሲወጣ መንገዱ በሙሉ አየ። ሲገባ ያየው በኋላው መተላለፊያ የሚኖር አንድ ዓይኑ የጠፋ አውራ ዶሮ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ወሬ አያወራም።

በማግስቱ ቤሊሳሪዮ መጣ። ቤሊሳሪዮ የሮሴምበርን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሣ አበልጁ ነው፤ የክንፋሙን አህያ ክንፎች የሣለውም እሱ ነው። በከተማው ውስጥ በቀለም እሱን የሚያህል የለም፤ አንድ ጊዜ ፒኮ ላይ የሣለውን ነብር አይቶ አንድ ውሻ ለሁለት ሳምንት እህል አልቀምስ ብሏል።

"አበልጄ፣ ይኼ ምንድነው?" አለ ሁለቱን ሣጥኖች ዞር ዞር ብሎ እያየ። "የሬሳ ሣጥን ነው? ለማን፣ ለድመት?"

"የስቱዲዮ ስፒከር ነው።"

"ስማቸው ማን ይባላል?"

"ስም የላቸውም።"

"ስም የሌለው፣ ቀለም የሌለው ድምፅ ማጉያ፣ እዚህ ኦላያ ውስጥ? ልጅህን አረማዊ አድርጌ አልተውኩብህም፤ እነዚህንም አልተዋቸውም። ለእኔ ተዋቸው። ስጦታዬ ናቸው።"

የአበልጅ ስጦታ እምቢ አይባልም። ሮሴምበርም ልቡ ፈቅዶ ነበር፤ ያ ጥቁረታቸው ገና ከመጀመሪያው ከብዶታል። የማራገቢያ ዕቃዎቹን አንግቦ ሥራ ወጣ።

ፒኮ ላይ ቤሊሳሪዮ የሚቀባው ከፊት የሚወጠረውን ጨርቅ ነው። እነዚህ ጨርቅ የላቸውም፤ ድምፁ የሚወጣበት ክብ ወረቀት አፍጥጦ ይታያል። ቤሊሳሪዮ ያገኘውን ቀባ። ወረቀቶቹን የአህያ ዓይን አደረጋቸው፤ በጨለማ የሚያበራ ቢጫ፣ መሀሉ ጥቁር፣ ዙሪያው የደም ሥር፣ ከላይ የሴት ቅንድብ። አንድ ጊዜ ቀባ፤ አላረካውም። ሁለተኛ ደገመ። ሦስተኛውን ለፍቅር ጨመረ። ሮሴምበር ሲመለስ ሁለት ዓይኖች ከመኝታ ቤቱ ጥግ አተኩረው ሲያዩት በሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይንቀሳቀስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆመ። ከዚያ አበልጁን አቅፎ ሳመው።

ዘፈኑን ሊያቀናብር ተቀመጠ፤ ማለትም ቆመ። ድምፁ ትራስ ሥር ተደብቆ የሚዘፍን ይመስላል። ሮሴምበር የሻጩን ቃል አስታወሰ፤ እውነት ደብዘዝ ትላለች። ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ጨመረ። እውነት አሁንም ደብዛዛ ነበረች። ጨመረ። ወንበሩን ወደ ቀኝ ወሰደ፣ አልጋውን ወደ ግራ ገፋ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ ማራገቢያውን አጠፋ፣ በላብ ታጠበ፣ እንደገና ጨመረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ እንዳደረገ ከረመ። በመጨረሻ ዘፈኑ ለእሱ ጆሮ ልክ ሲመጣ፣ ከዚያ ክፍል ውጪ ቢሰማ ምላጭ የሚያስንቅ ሆኖ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ክንፋሙ አህያ በዶን ኤቫሪስቶ ግቢ ለነገው ጭፈራ ተደርድሮ ሲሞከር፣ ዘፈኑን ይዞ ሄደ። ዶን ኤቫሪስቶ ራሳቸው ከፈቱት። የወጣው ድምፅ በቆርቆሮ ላይ የሚሄድ መጋዝ ነበር። ጥርሳቸውን ያስሞሉ ሰዎች መንጋጋቸውን ያዙ። ከድልድዩ ሥር የዶና ታርሲላ ዘይት እሳት ሳይጨመርበት ተንፈቀፈቀ። የሰፈሩ ውሾች በሰልፍ ድልድዩን ተሻገሩ፤ አንደኛው እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ዶን ኤቫሪስቶ አጠፉት።

"ልጄ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ይኼን ስትሠራ እቤት ነበርክ?"

"ነበርኩ፣ ዶን ኤቫሪስቶ።"

"ጆሮህስ አብሮህ ነበር?"

ሽማግሌው ጠጋ ብለው የሮሴምበርን ጆሮ በሁለት ጣት ነካ አደረጉት፤ የታመመ ዶሮ እንደሚነካ።

"ከአባትህ ጋር ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። መጨረሻቸውን አይቻለሁ" አሉ። "ነገ ቀትር ድረስ አስተካክለህ ካመጣኸው አጫውተዋለሁ። ካልሆነ ይኼም፣ ከዚህ በኋላ ያለውም ለሌላ ሰው ነው። ቅር አይበልህ።"

ግቢው በሙሉ እነዚያን ሁለት ጣቶች አየ። ሮሴምበር ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ቀድሞት ደርሶ፣ ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ ቦሊ እየመጠጠ ጠበቀው።

ሮሴምበርን ያስጨነቀው ወሬው አልነበረም። ሣጥኖቹ እውነት ከተናገሩ፣ የዋሸው ጆሮው ነው ማለት ነው። ይኼን ሐሳብ ከፊቱ ለማባረር ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ዞረ፤ ጣቶቹን አፋተገ፣ ቁልፍ ጣለ፣ ሰዓቱን ጆሮው ላይ ለጠፈ፣ የድስቱን ክዳን አንኳኳ። መዳፉ ሳያውቀው ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ደንግጦ አነሣው።

"ናዪቤ፣ ጓሮ ሄደሽ አንሾካሹኪልኝ።"

ናዪቤ ፊቱን አየችና ያለ ቀልድ ሄደች። ከፍሪጁ ጀርባ ሆና አንድ ነገር አለች።

"ምን አልኩ?"

"'ያገባሁት ጊንጥ የነደፈው ፍየል ነው' አልሽ።"

ከኋላው በር ውጪ ሄደች። "አሁንስ?"

"'እናቴ ከመጀመሪያውም ነግራኝ ነበር።'"

ናዪቤ ተመልሳ መጥታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "እሱን እኮ በልቤ ነው ያልኩት። ጆሮህ ደህና ነው። ከሚገባው በላይ ደህና ነው።"

"ታዲያ ምንድነው?"

እሷ ወደ ሣጥኖቹ ሄደች። ቦሊ መርጋቱ የሚታወቀው በጥፍር ሲመታ ነው፤ ናዪቤም በቀን መቶ ጊዜ የምታደርገውን አደረገች፤ የአህያውን ቀኝ ዓይን በጥፍሯ መታች። ግራውን መታች። እንደገና ቀኙን።

"ሮሴምበር" አለች፣ "ይኼ እኮ ረግቷል።"

ሮሴምበር ራሱ መታው። ያ እንደ ከበሮ ቆዳ መንቀጥቀጥ የነበረበት ወረቀት እንደ በር ነበር የሚንኳኳው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያዳመጠው አፉ ላይ ቀለም የተለሰነበት ሰው ሲናገር ነው። አልጋው ላይ ተቀመጠ። ሳቀ፤ ከዚያ ማልቀስ አምሮት እንደገና ሳቀ።

ቤሊሳሪዮ እሑድ በማለዳ በሩ ላይ ቆሞ ተገኘ። ናዪቤ ያገኘችው ነገር በአጥር አልፎ ወሬው ላይ ተጨምሮ እሱም ጋ ደርሷል፤ አንድ እጁ ላይ አኳራጅ የሞላ ጠርሙስ፣ በሌላው ጨርቅ። ፊቱ የተነከረ ካርቶን ይመስላል።

"አበልጄ፣ ቀለሜ ነው አሉኝ። ልፋቀው።"

ሮሴምበር አኳራጁን አየ፤ ከቀለሙ ጋር ወረቀቱንም ይዞት እንደሚሄድ ያውቃል። ከዚያ ዓይኖቹን አየ፤ እነዚያን ቅንድቦች። ከዚያ የአበልጁን እጅ አየ፤ ከጥፍሩ ሥር ያ ቢጫ ገና አለ።

"ተወው" አለ። "ዓይናቸው ያምራል። ቡና ጠጣና ሂድ፣ ሥራ አለብኝ።"

ከዚያ ያደረገው ለአሥራ ስድስት ዓመት ከአጎቱ ቴፕ ጋር ሲያደርግ የኖረውን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በክንፋሙ አህያ ላይ የሰማቸውን፣ በእንቅልፉም የሚያውቃቸውን ዘፈኖች አንድ በአንድ በቀለም ዓይኖቹ አጫወተ። ከዚህኛው ጸናጽሉ ጠፋ። ከዚያኛው የጊታሩ ጫፍ ተዋጠ። የዋሹበትን ልክ በጣቱ ለካ፤ ከራሱ ዘፈን ላይ የጨመረውን ቀጭን ድምፅ በዚያው ልክ ቀነሰ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሲሰማ ዘፈኑ ጭቃ ሆኖ ነበር። ሮሴምበር ጭቃነቱን ሰምቶ "ልክ ነው" አለና፣ ጫማውን ሳያስር ሮጠ።

ዶን ኤቫሪስቶ ዘፈኑን የሰሙት እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ነው። ሮሴምበር ከቀኝ እግሩ ወደ ግራ፣ ከግራው ወደ ቀኝ ሲቀያየር መሬቱን ጎድጓዳ አበጀለት። ቤዙ ገባ፤ በመንገዱ ዳር የተደረደሩት ወንበሮች ወደ ፊት ሄዱ። ድምፁ ከላይ ንጹሕ ሆኖ፣ እንደ ማለዳ ነፋስ ወጣ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ በእጇ የያዘችውን ሕፃን ለማታውቀው ሰው አስይዛ ወደ መሀል ገባች። ከዚያ በኋላ መቁጠር አልተቻለም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ዶን ኤቫሪስቶ አልዞሩም። "ድገመው" አሉ ለፒኮው ሠራተኛ። ሲደገምም ወደ ሮሴምበር ሳይመለከቱ "ማክሰኞ ና፤ ሌላ ዘፋኝ አለ" አሉ።

በዚህ መሀል ዶና ታርሲላ የተጠበሰ ዓሣ በሳህን ይዘው መጡ። ከሮሴምበር ፊት ቆመው፣ ለደንቆሮ እንደሚደረገው፣ አፋቸውን እንደ በር ከፍተው በእጃቸው እያሳዩ ጮኹበት።

"እው-ነት-ነው-ወይ? ፍሪጁን ሸጠህ ነው? በአበልጅህ ቀለም ነው ጆሮህ የሄደው?"

ቤሊሳሪዮ አጠገቡ ቆሞ የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር።

ሮሴምበር ዓሣውን ከሳህኑ አነሣ።

"ዶና ታርሲላ፣ ፍሪጁ አልተሸጠም፤ ጓሮ ነው ያለው፣ ቦሊ ሞልቶታል። ጆሮዬ ይሰማል፤ ምድጃው ላይ የተዉት ዓሣ እያረረ እንደሆነም ይሰማል። የአበልጄ ቀለም ደግሞ በማንም ላይ ምንም አላደረገም። ከተወራው ውስጥ አንዲት እውነት የለችም።"

ከነገሩ አንዱ ውሸት እንደሆነ የሚያውቀው ቤሊሳሪዮ ዓይኑን ከጫማው ጫፍ አነሣ።